ውስጠ ወይራ በእንግሊዝኛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ስላለበት) ልብ ወለድ ጥቂት ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን መርጬአለሁ፤ ሦስቱም በአንድም በሌላም መንገድ ስለ እምነት የሚጠይቁ ናቸው። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት «በእኛ» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ የ«ሃሪ ፖተር»ን መጻሕፍት ከጓደኞቿ እየተዋሰች ታነባለች። አስማት ስለሚማሩ ልጆች ነው ይላሉ። ጎረቤቶቼ «መንፈስ መጥራት ልትማር ነው» እያሉ ያስፈሩኛል። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ልከልክላት? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሏት። ጎረቤቶችዎ የሚፈሩትን ነገር አልንቅም፤ እኔም ያደግሁት መንፈስ መጥራት በሚፈራበት ቤት ነው። ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ልንገርዎ።

በ2007 የወጣው ሰባተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ልጁ ሃሪ በገና ዋዜማ ሌሊት ከጓደኛው ከሄርማዮኒ ጋር ወደ አንድ ትንሽ መንደር ይሄዳል። በረዶ በሸፈነው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ቦታ የአባቱንና የእናቱን መቃብር ይፈልጋል። ሲያገኘው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ቃል ይህ ነው፦ «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው»። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ቁጥር 26። እዚያው መቃብር ቦታ የመምህሩ የዳምብልዶር እናትና እህት የተቀበሩበት ድንጋይ ላይ ደግሞ «መዝገብህ ባለበት ልብህ ደግሞ በዚያ ይሆናልና» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፏል። ደራሲዋ በመጽሐፉ ውስጥ ቃሉ ከየት እንደመጣ አልተናገረችም፤ ድንጋዩ ላይ ጽፋ ትታዋለች።

ሃሪ የመጀመሪያውን ሲያነብ ይደነግጣል። ሞትን ማሸነፍ የሚፈልገው ጠላቱ ነውና። ያ ጠላት ላለመሞት ሲል ሰው እየገደለ ነፍሱን ቆራርጦ በዕቃ ውስጥ የሚደብቅ ሰው ነው። ሄርማዮኒ ናት «እንደዚያ ማለት አይደለም፤ ከሞት በኋላ መኖር ማለት ነው» ብላ የምታስረዳው። በመጽሐፉ መጨረሻ ሃሪ ለወዳጆቹ ሲል መሣሪያ ሳያነሣ ወደ ሞቱ በእግሩ ይሄዳል። ልጅዎ ሰባት መጽሐፍ ሙሉ የምትከተለው ጥያቄ ሞትን እንዴት እንቀበለው የሚል ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ያለው አስማት አብሮ የሚወለድ ችሎታ ነው፤ ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው መንፈስ አይለማመኑም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። «አስማት» የሚለው ቃል በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስሞች ማለት ነው። በክታብና በጸሎት መጻሕፍት «በኃይለ ዝንቱ አስማቲከ» ሲባል «በእነዚህ ስሞችህ ኃይል» ማለት ነው። ስሙን ያወቀ ኃይሉን ያገኛል ከሚለው እምነት የተነሣ ቃሉ በአማርኛ ዛሬ የምንፈራውን ትርጉም ያዘ።

ልጅዎ «ሃሪ ፖተር»ን ስትጨርስ ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1968 ያሳተመችውን የመጀመሪያውን የ«ኧርዝሲ» መጽሐፍ ብታገኝ ደስ ይለኛል። በዚያ ዓለም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት አያቴ አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። ለ ጉዊን ከግእዝ አልቀዳችም፤ ስም ኃይል ነው የሚለው እምነት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። እርሷ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የላኦ ትዙን መጽሐፍ ዕድሜዋን ሁሉ ስታነብ ኖራ በ1997 የራሷን የእንግሊዝኛ ቅጂ ያሳተመች ሰው ናት። በታሪኳ ጌድ የሚባል ትዕቢተኛ ተማሪ እኩያውን ለማሳፈር ሲል የሞተች ሴት መንፈስ ይጠራል። በተከፈተው ቀዳዳ አንድ ጥላ ይወጣና ያቆስለዋል፤ ከዚያ በኋላ በየደሴቱ ያሳድደዋል። እህቴ፣ ጎረቤቶችዎ የሚፈሩትን ይህች ደራሲም ትፈራዋለች፤ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ደግሞ ምክንያቱን ታሳያለች። ጌድ በመጨረሻ ጥላውን ባሕር ላይ ፊት ለፊት ይገጥመውና በስሙ ይጠራዋል። ስሙ «ጌድ» ነው፤ የራሱ ስም።

እንግሊዝኛ ባያነቡም ማታ ማታ ያነበበችውን በአማርኛ እንድትተርክልዎ ያድርጉ። የመቃብሩ ጽሑፍ ጋ ስትደርስ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥተው አብራችሁ ቁጥሩን ፈልጉት።

ጥያቄ፦ መምህራችን «የቀለበቶች ጌታ» የካቶሊክ መጽሐፍ ነው አሉን። እኔ ከሺህ ገጽ በላይ አንብቤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቄስ አላገኘሁም። በ«ናርኒያ» ግን አንበሳው ክርስቶስ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። መምህራችን ተሳስተው ይሆን? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ልጄ፣ መምህርህ አልተሳሳቱም፤ አንተም በደንብ አንብበሃል። የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን ራሱ በታኅሣሥ 1953 ለአንድ ካህን ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራው በመሠረቱ ሃይማኖታዊና ካቶሊካዊ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ይህን ሳያስተውለው እንደጻፈ፣ ሲያርመው ግን እያወቀ እንዳደረገው ተናግሯል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለጥያቄህ ቀጥተኛ መልስ ነው፦ በዚህ ምክንያት ሃይማኖትንና ሥርዓቱን የሚመለከተውን ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉ ከዚያ ዓለም አወጣሁት፤ እምነቱ ታሪኩ ውስጥ ሰርጓልና ይላል።

ጎንደር ሆነህ ይህን ለመረዳት ሩቅ አትሄድም። ከቅኔ መንገዶች መካከል ሰምና ወርቅ አለ፤ ውስጠ ወይራም አለ። በሰምና ወርቅ ሁለቱም ጎን ለጎን ይነገሩሃል፤ ሰሙን ስታቀልጠው ወርቁን ታገኛለህ። በውስጠ ወይራ ግን የሚነገርህ ላይኛው ብቻ ነው፤ ውስጡን የምታገኘው ታሪኩን የምታውቅ ከሆነ ነው። አያቴ ተማሪ ለውስጠ ወይራ እንዲቸኩል አይፈልጉም ነበር። «ውስጡን ሳትይዝ ብትደብቀው ምኑን ደበቅኸው?» ይሉ ነበር።

«ናርኒያ» ለሰምና ወርቁ ይቀርባል። ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1950 ነው። አስላን የሚባለው አንበሳ (በቱርክኛ ቃሉ ራሱ አንበሳ ማለት ነው) በከዳው ልጅ ፈንታ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ይታረዳል። ሌሊቱን ሁለት እኅትማማቾች ያለቅሱለታል፤ ጎህ ሲቀድ ጠረጴዛው ለሁለት ተሰንጥቆ አንበሳው ሕያው ሆኖ ይቆማል። «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ» የሚለውን ከራእይ ዮሐንስ ለሰማ፣ «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን በነገሥታቱ ማኅተም ላይ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ይጠፋዋል? ሉዊስ ግን ምሳሌ ነው ሲሉት አይቀበልም ነበር። እርሱ የጠየቀው «እንደ ናርኒያ ያለ ዓለም ቢኖርና እግዚአብሔር ወልድ በዚያ ሥጋ ቢለብስ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ነው። ልዩነቱ ቀጭን ቢሆንም አከብርለታለሁ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የልብ ወዳጆች ነበሩ። በመስከረም 1931 አንድ ሌሊት በኦክስፎርድ ከሌላ ጓደኛቸው ጋር በእግራቸው እየሄዱ እስከ ንጋት አቅራቢያ ተከራከሩ። ሉዊስ በዚያን ጊዜ በእግዚአብሔር መኖር ያምናል፤ ክርስቶስን ግን አልተቀበለም። የሚሞቱና የሚነሡ አማልክት የሚነገሩባቸውን የጥንት አፈ ታሪኮች ይወድዳል፤ ወንጌሉ ሲሆን ግን ልቡ አይነካም። ቶልኪን ያኔ አፈ ታሪክ ውሸት አይደለም አለው። ከሳምንታት በኋላ ሉዊስ ለወዳጁ ሲጽፍ የክርስቶስን ታሪክ «እውነተኛ አፈ ታሪክ» ብሎ ጠራው፤ በእውን የተፈጸመ። በኋላ የጻፉት ሁሉ ከዚያ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ቶልኪን «ናርኒያ»ን አልወደደውም። የግሪክ ተረት ፍጥረታትና የገና አባት በአንድ መጽሐፍ መገናኘታቸው አልተዋጠለትም።

አሁን ወደ ወይራው ውስጥ እንግባ። የ«የቀለበቶች ጌታ» መጨረሻ ላይ ያለውን የዘመን ሰንጠረዥ ክፈት። ክፉውን ቀለበት በእሳት ሊያጠፉ የሚሄዱት ጓደኛሞች ሪቨንዴል ከሚባለው ስፍራ ለጉዞ የተነሡት ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። ቀለበቱ እሳት ውስጥ የወደቀው መጋቢት 25 ቀን ነው። በጥንቱ የምዕራብ ትውፊት መጋቢት 25 የብሥራት ቀን ነው፤ ጌታ የተሰቀለበትም ቀን ነው ይሉ ነበር። እንግሊዞች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸውን የሚጀምሩት በዚያ ቀን ነበር፤ በቶልኪን ታሪክም ከድሉ በኋላ የጎንዶር መንግሥት አዲስ ዓመት በዚያው ቀን ይጀምራል። ይህ ቀን በጁልያን አቆጣጠር በእኛ መጋቢት 29 ላይ ይውላል። በዓለ ትስብእት፤ ጥንተ ትንሣኤም ያው ቀን ነው። ይህን ያገኘሁ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛውን ክፍል ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ከገዛሁት ገና ሳምንቱ ነበር።

ከቀኑም የበለጠ የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ቅጽበት ነው። ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ እሳቱ ጫፍ ደርሶ ይወድቃል። ቀለበቱ የእኔ ነው ይላል። ዓለሙ የዳነው በእርሱ ጽናት አይደለም። ጎለም የሚባለው ምስኪን ፍጡር ጣቱን ነክሶ ቆርጦ፣ ቀለበቱን እንደያዘ ገደል ስለገባ ነው። ጎለም እስከዚያ ሰዓት በሕይወት የቆየው ቀድሞ ቀለበቱን ይዞ የነበረው ቢልቦ፣ ኋላም ፍሮዶ ራርተውለት ሳይገድሉት ስለቀሩ ነው። ጀግናው ተሸነፈ ብለው ለደራሲው የጻፉ አንባቢዎች ጥቂት ናቸው። ቶልኪን ይህ ፍጻሜ የአቡነ ዘበሰማያትን ቃል የሚያሳይ ነው ብሎ ጽፏል፦ «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል፤ ወደ ፈተና አታግባን፣ ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ»። ሌላ ጊዜ እዚያ ምዕራፍ ስትደርስ ይህን በልብህ ይዘህ አንብበው። ቄስ የማያስፈልግበት ምክንያት ይገለጥልሃል።

ይህ እምነት ለቶልኪን በቀላሉ የመጣ አይደለም። በ1892 ደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ተወለደ፤ አባቱ በሕፃንነቱ ሞተ። እናቱ በ1900 ካቶሊክ ስትሆን ዘመዶቿ ተቆጥተው እርዳታ አቋረጡባት። በ1904 በስኳር በሽታ ስትሞት ልጇ 12 ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገው አንድ ካህን ነው። ዕድሜውን ሁሉ እናቱን እንደ ሰማዕት ሲያያት ኖሯል።

በቶልኪን ታሪክ ያሉት የድንኮቹ ስሞችስ? እነርሱ ከአይስላንድ ጥንታዊ ግጥም የመጡ ናቸው፤ «ጋንዳልፍ» የሚለው የጠቢቡ ሽማግሌ ስምም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ቶልኪን ስሙን ከአረማውያን ግጥም ወስዶ ከሰማይ የተላከ ረዳት አደረገው። ከዚያ ሌሊት ክርክር ጋር አገናኘው።

ጥያቄ፦ ፊሊፕ ፑልማን የሚባለው ደራሲ መጽሐፈ ሄኖክን ከእኛ ወስዶ ሄኖክን ክፉ አድርጎ ጻፈው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰሙት ግማሹ ልክ ነው። በ2000 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፉ ውስጥ በሰማይ መንግሥት ላይ የሠለጠነ ሜታትሮን የሚባል ጨካኝ መልአክ አለ፤ ሰው ሳለ ስሙ ሄኖክ ነበር ይላል። ሜታትሮን የሚለው ስም ግን በግእዙ ሄኖክ የለም። ሄኖክ ሜታትሮን ሆነ የሚለው ኋላ በዕብራይስጥ ከተጻፈ ሌላ መጽሐፍ የመጣ ነው። የእኛው መጽሐፍ ሙሉው የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ ከሙት ባሕር አጠገብ የተገኙት የአራማይክ ቅጂዎች ቁርጥራጮች ናቸው። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። መጽሐፉ ሙሉው እንደገና ለምዕራባውያን ደራስያን በእጃቸው የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፑልማን ቤተ ክርስቲያንን ይቃወማል፤ «ናርኒያ»ንም አጥብቆ ይነቅፋል። ከልጅነቱ የተወሰነውን ያሳለፈው ግን በቄስ አያቱ ቤት ነው። የመጻሕፍቱን የጋራ ርእስ የወሰደው ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከሚልተን «የጠፋችው ገነት» ነው፤ የታሪኩ ዋና ሰዎች የሆኑት ሁለት ልጆች አዳምንና ሔዋንን እንዲያስታውሱ ተደርገው ተጽፈዋል። ሲቃወም እንኳ የሚጽፈው ከኦሪት ዘፍጥረት እየቀዳ ነው። ችሎታው ትልቅ መሆኑን እመሰክራለሁ። ሄኖክን ግን በድሎታል፤ ይህን ሳልሸፍን እናገራለሁ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ከመጀመርዎ በፊት መጽሐፈ ሄኖክን ከምዕራፍ 6 እስከ 16 ያንብቡ። 200 መላእክት በአርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ፤ አዛዝኤል ለሰው ልጆች ሰይፍና ጋሻ መሥራት ያስተምራል። ፍርድ በወጣባቸው ጊዜ ተንቀጥቅጠው አቤቱታቸውን እንዲጽፍላቸው የለመኑት ሄኖክን ነው። እርሱም ጻፈላቸው። ወደ ዳን ውኃ ሄዶ ተቀመጠ፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስም የበደለኞቹን አቤቱታ አነበበ።