ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ልጆቼ፣ የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት የበረራ ዕቅድ በማዘጋጀት ነው። ዛሬም «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ኪሎ ሜትሩን ስልኩ ነግሮታል፤ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል ብሎ ለ900 አካፍሎም መጥቷል። ማካፈሉን እወድለታለሁ። እዚያ ላይ እንዲቆም ግን አልፈልግም።

አጭሩ የአየር ላይ ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ በማስመሪያ የምታሰምሩት መስመር ግን አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎበጥ ይልና በሜዲትራኒያንና በደቡብ አውሮፓ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል። ከዋሽንግተን ሳያርፉ ሲመጡ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን ነዳጅ ለመቅዳት መሀል ላይ ይታረፋል፤ ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይሆናል። የአየርላንዷ ደብሊን የሚታረፍበት ጊዜ ነበር፤ በቶጎዋ ሎሜ በኩልም አሜሪካ ተሂዷል።

ለምን? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ክንፍን የሚያነሳው አየር ነው። ሞተርም ጉልበት የሚያገኘው አየር እየሳበ ነው። ሁለቱም ይደክማሉ። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ላለው የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 3,500 ገደማ በቅቶታል። እንዲያም ሆኖ ሰውም ዕቃም ሞልቶ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚሆን ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ይከብዳል። አንዱ መቀነስ አለበት። የሚቀነሰው ነዳጁ ነው።

በዚያ ላይ ነፋስ አለ። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ስትመጡ ይገፋችኋል፤ ስትሄዱ ደረታችሁን ይዞ ይመልሳችኋል። እንጦጦን እንደ መውጣትና እንደ መውረድ ነው።

እና በዚህ ሙያ መግባት የምታስቡ ልጆች፣ ፊዚክስና ጂኦግራፊን ለፈተና ብቻ አታጥኑ፤ እባካችሁ። ርቀት ሲነገራችሁ «ከየት ከፍታ? ወደ የት አቅጣጫ?» በሉ። ጥሩ የበረራ ዕቅድ ሠራተኛ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

ለመንገደኞች ደግሞ አንድ ነገር። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሌም የየከተማው ሰዓት ነው። በአሜሪካ የሙቀት ወራት ከዋሽንግተን 11:00 ተነስታችሁ 13 ሰዓት ብትበሩ፣ አዲስ አበባ የምትደርሱት በማግስቱ 07:00 ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ቤተሰብ 7 ሰዓት ብሎ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእኩለ ሌሊቱ በረራ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።