«ሰፊ ዕድል አለ» በእንግሊዝኛ፦ የመማሪያ ቡድናችን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ሰፊ ዕድል አለ» ለማለት «ዋይድ ቻንስ» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። ለምን?

መልስ፦ አይባልማ! የእኛ «ዕድል» «ቻንስ»ንም «ፖሲቢሊቲ»ንም «ፕሮባቢሊቲ»ንም ብቻውን ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ የየራሱን ቅጽል ይመርጣል። «ቻንስ» ሲሰፋ «ጉድ ቻንስ»፣ ሲመነምን «ስሊም ቻንስ» ነው። «ፖሲቢሊቲ» ሲጠነክር «ስትሮንግ»፣ ሲርቅ «ሪሞት» ይቀድመዋል። «ሃይ» የሚስማማው ለ«ፕሮባቢሊቲ» ነው፤ በቁጥር ስለሚለካ ከፍና ዝቅ ይላል። ድርሰት ባረምኩ ቁጥር የማሰምርበት «ሃይ ፖሲቢሊቲ» ነው። ቃሉን ለብቻው አትሸምድዱ፤ ከነጓደኛው ያዙት።

ጥያቄ፦ «ሃይሊ ፖሲብል»ስ?

መልስ፦ «ሃይሊ ላይክሊ» በሉ። «ፖሲብል» ከ«ኳይት» ጋር ይሄዳል። ከነጓደኛው ብያለሁ።

ጥያቄ፦ «ፋት ቻንስ» ከ«ስሊም ቻንስ» ይበልጣል?

መልስ፦ አይበልጥም። «በጭራሽ አይሆንም» የሚል የፌዝ አነጋገር ነው፤ ደብዳቤ ላይ እንዳትጽፉት።

ጥያቄ፦ «ላይክሊ» ስንት በመቶ ነው?

አንድ አባል፦ ከግማሽ ካለፈ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ የለም፣ የአየር ንብረት ሪፖርቶች ላይ ከ66 ይጀምራል።

የመጀመሪያው፦ እሱ ለሳይንቲስቶች ነው። ጨዋታ መሀል ማን ያሰላል?

መልስ፦ የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የተመድ የባለሙያዎች ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ «ላይክሊ»ን ከ66 እስከ 100፣ «ቬሪ ላይክሊ»ን ከ90 እስከ 100 በመቶ ብሎ ወስኗል። ሳይወሰን ሲቀር የሚመጣውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ የመጠቃቷ ነገር «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» ነው ብለው ጻፉ። ከመካከላቸው ሸርማን ኬንት በልቡ 65 በመቶ ያህል ይዞ ነበር። ባልደረቦቹን ሲጠይቅ ግን መልሳቸው ከ20 እስከ 80 ተራራቀ፤ ያውም አብረው የተስማሙበት ቃል! ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ከሐረጉ አጠገብ ቁጥሩን ጻፉ።

ጥያቄ፦ «ሳይመጣ አይቀርም» እና «መምጣቱ አይቀርም» ሁለቱም «ፕሮባብሊ» ናቸው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ! የመጀመሪያው ግምት ነው፦ «ሂ ኢዝ ላይክሊ ቱ ካም»። ሁለተኛው ጥርጥር የለውም፦ «ሂ ኢዝ ባውንድ ቱ ካም»። «ሂ ኢዝ ፖሲብል ቱ ካም» ግን ስህተት ነው፤ «ፖሲብል» ሲሆን በ«ኢት» ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሊሆን የሚችል ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት ይገለጻል?

መልስ፦ እንዲህ ለተድበሰበሰ ጥያቄ መልስ የለኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈህ አምጣ።

ጥያቄ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ «ሃይ ፖሲቢሊቲ» ይባላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። «ስትሮንግ»።