ለማያ ልጆች ቦርሳ ልላክ ወይስ ገንዘብ?

ጥያቄ፦ አብራኝ የምትሠራ ጓቲማላዊት መንደሯ ላሉ የማያ (የጓቲማላ ነባር ሕዝብ) ልጆች ቦርሳና ደብተር እያሰባሰበች ነው። ዕቃ ልስጣት ገንዘብ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ገንዘብ ስጫት። ቦርሳው እዚያው ገበያ ላይ አለ፤ ለመላኪያ የምትከፍዪው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት በሕግ ነጻ ነው፤ ልጆቹን ከትምህርት የሚያስቀራቸው የትራንስፖርትና የደብተር ወጪ፣ የእርሻ ሥራም ነው፣ በተለይ 6ኛ ክፍልን ጨርሰው ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ ሲሆንባቸው። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል። እና አንዲት ልጅን ከ7ኛ እስከ 9ኛ ማስተማር ከመቶ ቦርሳ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቋንቋውንም ነገር ጠይቂያት። ጓቲማላ 22 የማያ ቋንቋዎች አሏት፤ ቤቱ ኪቼ ወይም ማም እየተናገረ ያደገን ልጅ በስፓኒሽ ብቻ ቢያስተምሩት ምን ሊገባው ነው? አስተማሪው ቋንቋቸውን ይችላል? ደግሞ ትምህርት የሚጀመረው በጃንዋሪ ነው፣ ገንዘቡ ከዚያ በፊት ይድረስ።