ጥያቄዎ፣ መልሳችን፦ ደቦና ማኅበር የቀረበት ግንቦት 2012 ዓ.ም.

ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ከጎንደር ዙሪያ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ጠባያቸው ተለውጧል። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ደቦውም አብሮ ቆመ። በሬ የሚጠመድበት፣ ላም የሚታለብበት ቤት ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ የገበሬው ጭንቅ ሥራውን የሚያግዘው ሰው መራቁ ነው። ከደረሱን ጥያቄዎች 6ቱን መርጠናል።

«ሦስት ጥማድ የጤፍ መሬት አለኝ። አረሙን በየዓመቱ በወንፈል 15 ሰው ሆነን ነበር የምንጨርሰው። ዘንድሮ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች ብቻ ነን። ምን ላድርግ?» — ገበሬ፣ ከደምቢያ

የአረሙ ጉዳይ የሚወሰነው ሐምሌ ላይ ሳይሆን አሁን፣ በእርሻው ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለሆነ፣ ሦስቱን ጥማድ አራት ጊዜ ለማረስ 12 ቀን ይበቃዎታል፤ አምስተኛ ቢደግሙት የሚጨምረው 3 ቀን ነው። እነዚያ 3 ቀናት ክረምት ላይ ብዙ የአረም ቀን ያስቀሩልዎታል። ቁም ነገሩ ግን በእርሻና በእርሻ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ገመሳውን (የመጀመሪያውን እርሻ) ጨርሰው በሦስተኛው ቀን ወደ አይማ (ወደ ሁለተኛው እርሻ) ከገቡ፣ የአረሙ ዘር ገና አልበቀለምና አፈር ከማገላበጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። የግንቦት ካፊያ አረሙን ያበቅለዋል፤ ያን ጊዜ በቀደመው ትልም ላይ አግድም አርሰው ሥሩን ለፀሐይ ይገልብጡት።

ከሦስቱ ጥማድ አንዱን በመስመር ይዝሩ። በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በመስመር መዝራት አዝጋሚ ነውና ሦስቱንም እንዲሞክሩ አንመክርም፤ በአራት ሰው እጅ ዝናቡ ይቀድማችኋል። ለሚበተነው ለአንድ ጥማድ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዘር ይበቃል። «ጤፉ ከበዛ አረሙን ያፍነዋል» ብለው ዘር አያብዙ፤ የተጨናነቀ ጤፍ አገዳው ይቀጥንና ነሐሴ ላይ ይተኛል።

ወንፈሉን ጭራሽ አይተዉት፣ ያሳንሱት። ሁለት ቤቶች ከየቤታቸው ሁለት ሁለት ሰው አውጥተው አራት ይሁኑ፤ እነዚያው አራት ሰዎች እስከ አጨዳ አይቀያየሩ። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ጎረቤት ጋር ከሠሩ በሽታው መንደሩን ሁሉ የሚዞርበት መንገድ ይከፈታል። ሲያርሙ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ በሁለት ትልቅ እርምጃ ተራርቀው ይሰለፉ። ምሳና ውሃ ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይምጣ። ጠላውን በአንድ ዋንጫ ማዞሩ ዘንድሮ ይቅር።

«በራፋችን ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ሠራን፤ ውሃው ግን ሳይረገጥም ይንጠባጠባል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባዶ ይሆናል።» — ከማክሰኝት

ቀዳዳው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በባለ 5 ሊትሩ የዘይት ጀሪካን ቀዳዳው የሚበሳው ከመያዣው ማዶ ባለው ፊት፣ ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ነው። ውሃ የሚሞላውም እስከዚያ ቀዳዳ ሥር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሞላ ያለ ማጋደል ይፈሳል። ያሁኑን ቀዳዳ በላስቲክ ቅላጭ ድፈኑትና መካከለኛ ሚስማር በፍም አግላችሁ አዲስ ብሱ። በሚስማሩ አንድ ጊዜ ብቻ ውጉት፤ ካሽከረከራችሁት ይሰፋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ውሃውን በአንድ ሰው እጅ ይጨርሰዋል።

ጀሪካኑ የሚንጠለጠልባቸውን ባላዎች እናስታውስ። ሁለቱ ባላዎች ተተክለው ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከሩብ ያህል ይቁሙ፤ ግማሽ ሜትር መሬት ይግባ፤ በመካከላቸው 1 ሜትር ይኑር። ባሕር ዛፍ ምስጥ ቶሎ ይበላዋል፤ ወይራ ወይም ጽድ ካለ እሱን ትከሉ። አግዳሚው እንጨት በጀሪካኑ መያዣ ውስጥ ያልፋል። ገመዱ ከጀሪካኑ አንገት ተነሥቶ መሬት ላይ ካለው የእግር እንጨት ጋር ይታሰራል። የእግር እንጨቱ ጫፍ ሲነሣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ካላለ ጀሪካኑ በደንብ አያጋድልም፤ ገመዱን አሳጥሩት።

ሳሙናውን መሐሉን በስታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉ። ዝናብ እንዳያሟሟው የውሃ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጣችሁ የላይኛውን ግማሽ እንደ ቆብ ድፉበት። ከሥር ጠጠር አልብሱ፤ ያለዚያ ጭቃ ይሆንና ሰው መቅረብ ይጠላል። ሳሙና ካለቀ የተነፋ ደረቅ አመድ በጣሳ አስቀምጡ። ቁስል ያለበት እጅ ላይና ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ እሹና በውሃ አለቅልቁት። በሳሙናም በአመድም ቢሆን ጣቶች መሐልና ጥፍር ሥር ደርሳችሁ ከ20 ሰከንድ ያላነሰ ማሸት ያስፈልጋል።

«ሴት ልጆቼ ከትምህርት ቀርተው ስለተቀመጡ ስፌት እያስተማርኳቸው ነው። ትልቋ የጀመረችው ሰፌድ ግን ጫፉ እየተነሣ ሳህን መሰለ። የታናሿ ደግሞ ዳሩ ተወላገደ። አለላውም (ቀለም የተነከረው ስንደዶ) ሲነካ ቀለም ይለቃል።» — እናት፣ ከዳባት

የሁለቱ ልጆች ጥፋት ተቃራኒ ነው፣ መድኃኒቱም እንዲሁ። ትልቋ እጇ ጠንካራ ነው። በየዙሩ ውስጥ የሚገባውን የአክርማ ሣር እስር ወደ ራሷ እየሳበች ስለምትሰፋ አዲሱ ዙር ከሚገባው ያጥራል፤ ያጠረ ዙር የግድ ወደ ላይ ይነሣል። ታናሿ ደግሞ እስሩን ልል አድርጋ ስለምታስኬድ ዙሩ ይረዝማል፤ የተረፈው ርዝመት መሄጃ ሲያጣ ይወላገዳል። ለሁለቱም ልማዱ አንድ ነው። ሦስት ጣት ያህል ከሰፉ በኋላ ሰፌዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስተኝተው በመዳፍ ይጫኑት። ዳሩ ከድንጋዩ ከተነሣ እስሩን ላላ ያድርጉ፤ ዳሩ ከሞገደ ይሳቡት። ሁለት ዙር ከተበላሸ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ የተበላሸው መፈታት አለበት። ልጅቱ ስትፈታ አይቆጧት፤ እጅ የሚሠለጥነው በመፍታት ነው።

የእስሩ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። አንዱ የአክርማ ዘለላ ከማለቁ በፊት ሌላው ከመሐሉ ይግባ፤ ካለቀ በኋላ ከጨመሩ ቦታው ይሰረጉዳል። የወስፌው ቀዳዳ የፊተኛውን ዙር ሲሶ ያህል ይያዝ። ከዚያ ያነሰ ከያዘ ስፌቱ ቀድዶ ይወጣል።

እስሩ የሚጠቀለልበት ስንደዶ ደረቅ ሆኖ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ውሃ ውስጥ ካደረ ደግሞ ያብጥና በኋላ ሲደርቅ ይሸሻል፣ በስፌቱ መሐል ብርሃን ይገባል። ስለዚህ የሚሰፋበትን ያህል ብቻ ከመስፋትዎ ሩብ ሰዓት በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ።

ቀለም የሚለቀው አለላው ከተነከረ በኋላ ስላልተለቀለቀ ነው። ከሚፈላው ቀለም ውስጥ ሲያወጡት ውሃው ጥርት እስኪል በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ፀሐይ ቀይና ወይን ጠጁን ያገረጣዋል። አስቀድሞ የለቀቀውን አለላ ለመሶብ አያውሉት፤ የእንጀራው ላብ ቀለሙን ያወርደዋል፤ ለግድግዳ ጌጥ ይሁን። ስንደዶ የሚለቀመው መስከረም ላይ ስለሆነ ያለዎት ካለፈው መስከረም የተረፈው ነው። ለመማሪያ የስንዴ አገዳ ይስጧቸውና ጥሩውን ስንደዶ እጃቸው እስኪገራ ያቆዩት።

«አንዱ ልጄ 3ኛ፣ አንዷ 7ኛ ክፍል ናቸው። ሬዲዮ የለንም። ከብት ከመጠበቅ ሌላ ምን ይሥሩ?» — ከጭልጋ

ትንሹ ስሌቱን በገበጣ ይለማመድ። መሬት ላይ 6 በ6 ሆኖ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል። ከመጫወታቸው በፊት «7 ጠጠር ከዚህ ጉድጓድ ብትዘራ የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ብላ እህቱ ትጠይቀው፤ ሳይነካ ይመልስ። ይህ መደመርም መቀነስም ነው። ጠጠሩ ከእጅ እጅ ስለሚዞር ጨዋታው በቤት ልጆች መካከል ብቻ ይሁን።

ለ7ኛ ክፍሏ ዝናብ መለካትን እንመክራለን። አፉና መቀመጫው እኩል የሆነ የቲማቲም ጣሳ ያስፈልጋታል። ከዛፍና ከቤት ጣሪያ ርቆ፣ መሬት ላይ የሚፈናጠረው እንዳይገባበት ጉልበት በሚደርስ ጉቶ ላይ በሚስማር ይጽና። ሁልጊዜ ጠዋት በ2 ሰዓት የውሃውን ጥልቀት በማስመሪያ ለክታ፣ ከቀኑ ጋር ደብተሯ ላይ ትመዝግብና ትድፋው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ሩብ ሄክታር በሆነ አንድ ጥማድ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 25,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው፤ ይህን ራሷ ታስላው። አባትየው ለመዝራት ሲወስን መዝገቡን ያያል። አፉ የጠበበ ዕቃ ግን አይሆንም፤ ልኬቱን ያዛባዋል።

«ማዳበሪያ ለመግዛት ከተማ መውረድ ፈራን። ብስባሽ አሁን ብንጀምር ለዘንድሮ ይደርሳል? አምና ሞክረን ሸተተና ተውነው።» — ከወገራ

ለዘንድሮው የክረምት አዝመራ አይደርስም። ግንቦት ላይ የተከመረ በሦስት ወይም በአራት ወር፣ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ ነው የሚበስለው። ለጓሮ አትክልትና በቀሪ እርጥበት ለሚዘራው ሽምብራ ያውሉታል።

አምና የሸተተው ውሃ በዝቶ አየር ስላጣ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አድርጋችሁት እንደሆነ እንገምታለን። ጉድጓድ ለበጋ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ሲገባ ግን ኩሬ ይሆናል። ዘንድሮ ዘወር ባለ፣ ጥላ ባለው ደረቅ ከፍታ ላይ ከመሬት በላይ ከምሩ። ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ይሁን፣ ርዝመቱ ባላችሁ መጠን። ከሥር አየር እንዲገባ የማሽላ አገዳ ወይም ጭራሮ 20 ሳንቲ ሜትር። በላዩ ገለባና ለምለም ቅጠል ተቀላቅሎ 20 ሳንቲ ሜትር። በዚያ ላይ አራት ጣት ያህል ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈርና አመድ፣ ከዚያ ውሃ ርጭት። አንድ ሜትር ከሩብ እስኪደርስ ይደጋገም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታስገቡ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ያዘገያል።

ፍግ ለኩበት ስለሚፈለግ ለብስባሽ አይተርፍም ለሚሉን ብዙ እናቶች አንድ ነገር እናስታውሳለን፦ ዝናብ ከገባ በኋላ የተጠፈጠፈ ኩበት አይደርቅም። የሰኔና የሐምሌ ፍግ ለክምሩ ይሁን። በረቱ ውስጥ በከብት ሽንት የራሰው ጉዝጓዝም አይጣል፤ ክምሩን የሚያሞቀው እሱ ነው።

መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ በሳምንቱ ንቀሉት። እርጥብና ሞቃት ሆኖ ከወጣ መልካም ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ፣ ወይም አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ከያዘ ውሃ አንሶታል። ቀዝቅዞ ርሶ ከሸተተ ገልብጡትና ደረቅ ገለባ ጨምሩበት። በወሩ አንድ ጊዜ ሁሉንም አገላብጡ፣ የዳሩ ወደ መሐል ይግባ። ጎርፍ እንዳያጥበው በሣር ክደኑት።

«አያታችን 80 ሊሞላቸው ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። እንዴት እንጠብቃቸው? ደግሞ ሥራ ሲያጡ ይከፋቸዋል።» — ከእንፍራንዝ

ገበያ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሲመለስ ታጥቦ ልብሱን ሳይቀይር ወደ እሳቸው አይቅረብ። መደባቸውን ከምድጃው አርቁና ወደ በሩ አቅርቡ፤ ጭሱም ይቀንስላቸዋል፣ አየሩም ይቀያየራል። የራሳቸው ስኒና ሽክና ይኑራቸው። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ በተለይ የትንፋሽ ማጠር ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና በተመደበው ነፃ ስልክ 8335 ይደውሉ።

ለሥራው ደግሞ የሽምብራውን ዘር ይስጧቸው፤ እንደ አያታችሁ ያለ ዓይን ለዘር መረጣ የሚተካ የለውም። የተነቀዘውን፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን ይልቀሙ። ከተመረጠው ላይ እጃቸው እንዳገኘ 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና ሞቅ ያለ ቦታ ያኑሩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ይርጩበት። በ8ኛው ቀን የበቀለውን ይቁጠሩ። 90 ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። 80 ከሆነ ለአንድ ጥማድ ከሚዘራው 25 ኪሎ ላይ 6 ኪሎ ያህል ጨምሩ። ከ70 በታች ከሆነ ለዘር አይሆንም፣ ለሽሮ ይዋል። መስከረም ሳይደርስ ከጎረቤት በልዋጭ ሌላ ዘር ፈልጉ።