«ለማንኛውም» ብለን የምናስቀምጠው ጨሌ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። በሰንበት አስቀድሳለሁ፣ ጾም አልሽርም። ዓምና ገበያው ሲቀዘቅዝብኝ አንዲት ጎረቤቴ «ቤቱ ደም ይፈልጋል» ብላ አዋቂ ቤት ወሰደችኝ። በታዘዝኩት መሠረት ገብስማ ዶሮ አሳርጄ ደሙን ሱቁ ደፍ ላይ ቀባሁ። ቅር ሲለኝ ጎረቤቴ «ጣና ቂርቆስ ገዳምስ አባቶቻችን ደም ያፈሱ የለ?» አለችኝ። ዘጌ እናቴ ቤትም አያቴ የተዉት ጨሌ፣ ለመንፈስ የሚቀመጠው ዶቃ፣ ሣጥን ውስጥ አለ፤ በዓመት በዓመት ቅቤ እናስነካዋለን። ክርስቶስን አልካድኩም። ለማንኛውም ብዬ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ጸሎት ስጀምር ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እምነቴን ጎድቶት ይሆን?

መልስ፦

እኅቴ፣ ደፍረሽ ስለጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ሰው ይህን ለነፍስ አባቱ እንኳ አይናገርም። መልሱን አላዘገይብሽም፤ አዎ፣ ጎድቶታል።

ጣዖት አመለከ ሲባል ቤተ ክርስቲያን መሳም የተወ ሰው ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን አይተውም። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 17 ላይ በሰማርያ ስለሰፈሩ ሰዎች ተጽፏል። አንበሳ ሲያጠቃቸው የእግዚአብሔርን ሕግ የሚያስተምራቸው ካህን መጣላቸው። ተማሩም፣ እግዚአብሔርንም ፈሩ። ከየአገራቸው ያመጧቸውን አማልክት ግን አልጣሉም። እነሱም ለማንኛውም ነው ያስቀመጧቸው።

እስቲ ይህችን «ለማንኛውም» የምትባል ቃል ጠጋ ብለሽ እያት። ውስጧ «እግዚአብሔር ባይሰማኝስ?» የሚል ጥያቄ አለ። ጥያቄው ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዳዊትም በመዝሙሩ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጮኋል። ዳዊት ግን የጮኸው ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ነው። አንቺ ጥያቄውን ይዘሽ ሌላ ደጅ ሄድሽ። ከዚያ ወዲያ ገበያው ቢደራ ማንን ታመሰግኛለሽ? ቢቀዘቅዝ ማንን ትጠይቂያለሽ? ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ ታማትቢያለሽ፤ ዓይንሽ ግን ደፉ ላይ ወደ ደረቀው ደም ይሄዳል። ልብሽ በጸሎት ሰዓት የሚሄደውም እዚያው ይመስለኛል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ጣና ዳር ስላለሽ የደንገል ታንኳ ታውቂያለሽ። ደንገሉ ውኃውን ቀስ እያለ ይጠጣል፤ ታንኳው ዕለቱን አይሰጥምም። ባለ ታንኳው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ካላሰጣው ግን እየከበደ፣ እየዘቀጠ ይሄዳል። የዕለት ተዕለት እምነትም የሚዳከመው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ መታገሥ ያቅትሻል። ቀጥሎ ጸሎትሽ ልመና መሆኑ ቀርቶ እንደ ንግድ ይሆናል፤ ይህን ያህል ሰጥቻለሁ፣ የት አለ ትርፉ ትያለሽ። በመጨረሻ ፍርሃት ይገባል። ዘንድሮ ደሙን ባልደግመውስ? ጨሌው ቅቤ ባያገኝ ልጆቼን ቢመታብኝስ? በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። በመንፈስ ቅዱስ የታተመች፣ ሥጋ ወደሙ ልትቀበል የተጠራች ልጅ ሣጥን ውስጥ ያለ ዶቃ ስትፈራ! ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም ብሎ የጻፈለትን አትርሺ።

የእስራኤል ንጉሥ አካዝያስ ከሰገነት ወድቆ ታመመ። ይድን እንደሆነ እንዲጠይቁለት የፍልስጥኤማውያን ከተማ ወደሆነችው ወደ አቃሮን ጣዖት መልእክተኞች ላከ። ነቢዩ ኤልያስ መንገድ ላይ አገኛቸውና «በእስራኤል አምላክ የለምን?» አላቸው። አዋቂ ቤት ለሚሄድ ክርስቲያን ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። (ሐኪም ቤት መሄድ፣ ስለ ገበያ ነጋዴ ማማከር ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ጥበቡን የሰጠ እግዚአብሔር ነው።)

የጎረቤትሽን ነገር በቀላሉ አላልፈውም፤ ብዙ ሰው ሲለው እሰማለሁ። ጣና ቂርቆስ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብበት እንደነበር አባቶቻችን ይናገራሉ፤ የመሥዋዕቱ ናቸው የሚባሉ ድንጋዮችም ዛሬ ድረስ ይታያሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ደም የሚቀርበው ለማን ነበር? ለእግዚአብሔር እኮ ነው፤ ለቆሌ ወይም ለአድባር አልነበረም። ያውም ለሚመጣው ለክርስቶስ መሥዋዕት ጥላ ነበር። ዕብራውያን ምዕራፍ 9 ክርስቶስ በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ገባ ይላል። ዛሬ በየደብሩ የሚቀደሰው ይኸው አንዱ መሥዋዕት ነው። እሑድ ከዚህ ደም ፊት ቆመሽ፣ ሰኞ የዶሮ ደም ደፍ ላይ መቀባት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቀደሰ ነገርም ካላወቅንበት ጣዖት ሊሆንብን ይችላል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቡ ቆይቶ ያጥንለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ማተብ እናስራለን፣ ጸበል እንረጫለን፣ በሥዕለ አድኅኖ ፊት እንሰግዳለን። ስግደቱ ለሥዕሉ ባለቤት የአክብሮት ነው፤ የአምልኮት ስግደት የእግዚአብሔር ብቻ ነው። ጸበሉን «ገበያ ይጎትታል» ብለሽ ብትረጪው ግን ከዶሮው ደም ብዙ አልራቅሽም። ሱቅሽን አስባርኪ፣ ጸበልም ይረጭ፤ ተስፋሽ ግን የባረከው ላይ ይሁን።

አሁን ምን ታደርጊ? ቅድሚያ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ ምንም ሳትደብቂ። ንስሐ ይሰጡሻል። ደፉን እጠቢው፤ አትፍሪ፣ ውኃና ሳሙና ይበቃል። አዋቂዋ ዘንድ ተመልሰሽ «ተውኩት» ማለት አይጠበቅብሽም። ገበያው ለጊዜው ባይነሣ ደግሞ እግዚአብሔር ተቆጣኝ አትበይ። ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጨሌው ይከብድሻል፤ የእናትሽም ጉዳይ ስለሆነ። የኤፌሶን ሰዎች ባመኑ ጊዜ የአስማት መጻሕፍታቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋው በዚያ ዘመን የብር ገንዘብ 50,000 ነበር ይላል የሐዋርያት ሥራ። አንቺ ግን እናትሽ ሳያውቁ ሰርቀሽ አታውጪው። ደንግጠው ሌላ ያስገዛሉ። አያትሽንም አትውቀሺ፤ ያገኙትን ነው ያወረሱሽ፣ ማተብሽንም ያሰሩልሽ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከእናትሽ ጋር ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና ስለ ፍርሃትሽ ንገሪያቸው። እሳቸውም ሲፈሩ ኖረው ይሆናል። እሺ ካሉ ነፍስ አባታችሁ ባሉበት ጸሎት ተደርሶ ይቃጠል። ዘጌ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ካህኑን ይዘሽ በጠዋት ተነሺ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል።