ጥላውን አትንኩብኝ

ልጆቼ፣ የምትለጥፏቸውን የድሬና የሐረር ፎቶዎች አያለሁ። ጎበዞች ናችሁ። እኛ በናንተ ዕድሜ በሕልማችን ያላየነውን ካሜራ ይዛችኋል፤ ማለዳ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ፤ የሐረርን ግንብ ጀጎልንም ከኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ነገር ዓይኔን ይቆጠቁጠዋል። ሁሉም ቦታ በርቷል። የበረንዳው ሥር በርቷል፣ የዛፉ ሥር በርቷል፣ የጠባቡ መንገድ ጥጋጥግ ሳይቀር በርቷል፤ ሰማዩ ደግሞ በተቃራኒው ጠቁሯል። አቦ ምን ነካችሁ? ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ጥላ ማለት እኮ ኑሮ ነው። ሰው የሚቀመጠው፣ የሚያወጋው፣ ሻዩን የሚጠጣው፣ ባጃጁን የሚያቆመው እዚያ ነው። ጥላውን ስታጠፉት ፀሐይዋም አብራ ትጠፋለች። ፎቶውን ያየ ሰው ሙቀቱ አይሰማውም።

ይህን ያመጣው ኤችዲአር የምትሉት ነው፤ በተለያየ ብርሃን የተነሱ ፎቶዎችን አዋህዶ ደማቁንም ጨለማውንም አንድ ላይ ማሳየት። መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም። እኔም እሠራዋለሁ። ሐሳቡም የኮምፒውተር ዘመን ሐሳብ አይደለም። ጉስታቭ ለ ግሬ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕር ሲያነሳ ሰማዩ እየነጣ ቢያስቸግረው፣ ሰማዩን ከአንድ ነጋቲቭ፣ ባሕሩን ከሌላ ነጋቲቭ ወስዶ አንድ ወረቀት ላይ አትሟቸዋል። እኛም በጨለማ ክፍል ዘመን ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ በእጃችን ወይም በካርቶን ቁራጭ እየከለልን የጠቆረ ፊት እናድን ነበር። እጁን አንድ ቦታ ላይ ገትሮ የሚያቆም ሰው የእጁ ቅርጽ ፎቶው ላይ ይወጣበታል። ስለዚህ ዳሩ እንዳይታወቅ እጃችንን ያለማቋረጥ እናወዛውዝ ነበር። ዛሬ ሃሎ የምትሉት፣ በግንቡና በሰማዩ መካከል የሚወጣው ነጭ ጠርዝ፣ ያው የቆመ እጅ ነው።

ሐረርማ በፎቶ ነገር የራሷ ታሪክ አላት። ገጣሚው አርተር ራምቦ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ከተማ ፎቶ አንስቷል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ፎቶዎቹ ነጥተው እንደቀሩና ጥፋቱ የሚያጥብበት ውኃ መሆኑን ነግሯቸዋል። የሐረር ውኃ ጉዳይ ሌላ ጨዋታ ነው፤ እሱን ተዉት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ዓይናችሁ ከደማቅ ወደ ጨለማ ሲዞር ራሱን ያስተካክላል። ካሜራ ግን በአንድ ክሊክ አንዴ ነው የሚያየው። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ማለት ነው። በቀትር የሐረሪ ቤት ውስጥ ቆማችሁ በበሩ በኩል ወደ ግቢው ብታነሱ በውስጠኛው ጥግና በግቢው መካከል ስምንት ስቶፕና ከዚያም በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ስምንት ስቶፕ 256 እጥፍ ነው። ይሄን ሁሉ ጨምቃችሁ ስልክ ስክሪን ላይ ማስገባት አለባችሁ። መጨመቁ ግዴታ ነው። እኔ የምለምናችሁ ስትጨምቁት ተራውን እንዳታፋልሱት ብቻ ነው። ቦታው ላይ ከሌላው የጨለመው ነገር ፎቶውም ላይ ከሌላው ይጨልም። ልዩነቱ ይጥበብ፣ ተራው ግን አይገልበጥ። የሚያስጠላ ኤችዲአር ባየሁ ቁጥር ስመረምረው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው፤ ጥላ ከፀሐይ ደምቋል፣ ቤት ከደጅ ደምቋል።

ለዚህ ደግሞ ቦታው ላይ እያላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ቁሙና እዩ። ከሁሉ የደመቀው የቱ ነው? ከሁሉ የጨለመው የቱ ነው? ፊት የሚያርፈው የት መሃል ነው? ስልካችሁ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት። ማታ ላፕቶፑ ፊት ስትቀመጡ ትዝታ ያታልላል፤ ያቺ መስመር ግን አታታልልም።

አነሳሱን በአጭሩ። በራው አንሱ፤ ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ጄፔግ፣ የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ 14 ቢት ራው 16,384 አለው። ጥሩ ካሜራ በዝቅተኛ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ12 እስከ 14 ስቶፕ ስለሚይዝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደጅ ላይ ለምትሠሩት አብዛኛው ሥራ አንድ ራው ይበቃል። ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሦስት ፎቶ ደርቦ መድከም ምንድነው? ቀፊራ ገበያ ውስጥማ አይሞከርም። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ዕቃ ይነሳል፣ ሸራው ይውለበለባል፤ ስታዋህዱት አንዱ ሰው ሦስት ጥላ ያለው መንፈስ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የደመቀው እንዳይቃጠል ትንሽ አጨልማችሁ አንድ ራው አንሱና ጥላውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ በመጠኑ አድምቁት።

ብርሃኑ እጅግ የተራራቀ ሲሆን ግን ትራይፖድ ትከሉ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ ትኩረቱን በእጅ ቆልፉ። የምትቀይሩት የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ብቻ ነው። አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ሁለት ስቶፕ የጨለመ፣ አንዱ ሁለት ስቶፕ የደመቀ። ለቤት ውስጥ አምስት ብታደርጉት ይሻላል። ሂስቶግራሙን፣ ጨለማውን በግራ ደማቁን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ፤ በጨለመው ፎቶ ላይ ቀኝ ዳር የተለጠፈ ነገር አይኑር፣ በደመቀው ላይ ግራ ዳር አይኑር። ይኼው ነው።

አሁን የሐረሪ ቤቱን እንሥራ። አስፈቅዳችሁ ገባችሁ፣ ጫማችሁን አወለቃችሁ። ከፊታችሁ አምስቱ ነደባዎች፣ ማለትም ደረጃ ደረጃ ያሉት መቀመጫዎች፣ አሉ፣ ግድግዳው ላይ ስፌቶቹና ሳህኖቹ ተደርድረዋል፣ ወለሉና የነደባው ፊት ቀይ ነው። ቀዩ በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ያስታውሳል ይባላል፤ እንደ ዋዛ የሚነካ ቀለም አይደለም። ብርሃኑ በብዛት የሚገባው በበሩ ነው። ለበሩ የሚቀርበው ነደባ ይቀበለዋል፣ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር ይሳሳል፣ ከኋላ ጥጉ ላይ ይሞታል። የቤቱ ውበት ይሄ አሳሳሉ ነው። አምፖል በርቶ ከሆነ የቤቱን ባለቤት ለምናችሁ አስጠፉት። የአምፖሉ ቢጫና የበሩ ሰማያዊ አንድ ላይ ከገቡ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በየትኛው በኩል ብትጎትቱት አንዱ ያስቀይማችኋል።

ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አምስቱን ፎቶዎች ምረጡና ለማዋሃድ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ። አውቶ አላይን (ፎቶዎቹን እርስ በርስ የሚያገጣጥመው) ይሁን። አውቶ ሴቲንግስን አጥፉት፤ እሱ ካበራው ሁሉንም ነገር እኩል ያበራላችኋል፣ ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ያንን ለምዶ ይጀምራል። የተንቀሳቀሰ ነገር ከሌለ ዲጎስት (መንፈሱን ማጥፊያው) አያስፈልግም። የሚወጣው አዲስ ፋይል ሰፊ ነው፤ የኤክስፖዠሩ፣ ማለትም የጠቅላላው ብርሃን፣ መጎተቻ (ስላይደር) እስከ አስር ስቶፕ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ስትደርሱ እጃችሁ በልማድ ይሄዳል፦ ሃይላይት (ደማቁ) እስከ ታች፣ ሻዶው (ጥላው) እስከ ላይ፣ ክላሪቲ (የጠርዝ ጉልህነት) ጨመር፣ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ጨመር። በሁለት ደቂቃ አለቀ። እስቲ በኔ መንገድ አንዴ ሞክሩት። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን ብቻ ይዛችሁ የመሃለኛው ነደባ ልክ እስኪመስላችሁ ሂዱ። ግቢው ይነጣል፣ ይንጣ። ቀጥሎ ሃይላይትን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፤ የግቢው ግድግዳ ኖራ ወዝ ሲያሳይ አቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች አርባ ወይም ስልሳ ላይ ይበቃል። ሻዶው ሃያ፣ ቢበዛ ሰላሳ። ከዚያ አልት ቁልፉን ተጭናችሁ ብላክስን (ጥቁሩን) ወደ ታች ጎትቱ፤ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ጥቁር ነጥቦች ብቅ ሲሉ ተዉት። ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ እውነተኛ ጥቁር ይሁን። ሰው ሁሉ ጥቁር ይፈራል። ጥቁር ከሌለ ግን ቀዩም ቀይ አይሆንም።

ግቢው አሁንም ከበዛባችሁ ማስክ ሠርታችሁ፣ ማለትም ቦታውን ለብቻው መርጣችሁ፣ እሱን ብቻ ትንሽ አውርዱት። ግን ከውስጡ ግድግዳ እኩል እስኪሆን አታድርሱት። እኩል ሲሆን በሩ በር መሆኑ ይቀራል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ይመስላል። ቢያንስ አንድ ስቶፕ፣ ቢቻል ሁለት፣ ደጁ ደምቆ ይቅር። የበሩ ዳር ላይ ትንሽ ነጭ ቢፈስም አትደንግጡ። ከጨለማ ቤት ወደ ውጭ ስትመለከቱ ዓይናችሁም ያንን ያያል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሻዶው ሲነሳ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሸሻል። ሳቹሬሽን ስትጨምሩበት ደግሞ የቀዩ ቻናል ይሞላና የግድግዳው ለሰስ ያለ ልዩነት ሁሉ ይጠፋል፤ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ይወጣላችኋል። ቀዩን ለብቻው ያዙት፣ ብሩህነቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ሳቹሬሽኑን ተዉት። ስፌቶቹ ላይ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ክላሪቲና ዲሄዝን (ጭጋግ መግፈፊያውን) በመላው ፎቶ ላይ አትጨምሩ፤ ከፈለጋችሁ ስፌቱ ላይ ብቻ በብሩሽ። ነደባው ላይ የተቀመጡ እናት ካሉ ደግሞ ፊታቸው ላይ ጭራሽ አይነካ። ዕድሜያቸውን በስላይደር የምትጨምሩባቸው ምን አድርገዋችሁ ነው?

ደጅ ስትወጡ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛው ነጩ። የጀጎል ውስጥ ኖራ የተቀባ ግድግዳ በኤችዲአር በጣም ቶሎ አመድ ይሆናል፤ ሃይላይቱ ስለወረደ ማለት ነው። ፀሐይ የመታው ኖራ ነጭ ነው። ዋይትስን (ነጩን) መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። ሁለተኛው ሰማዩ። በጥር ወር ድሬ ላይ የተበታተነች ቀጭን ደመና ይዛችሁ ትመጡና ክላሪቲውና ዲሄዙ ጎትቶ ጎትቶ ጥቁር የዝናብ ደመና ያደርጋታል። ከተማችን ላይ ጥቁር ደመና ጌጥ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረገውን የምናስታውስ ሰዎች አለን፤ ሽቅብ ወደ ተራራው እያየን ነው ክረምቱን የምናሳልፈው። ላልዘነበ ሰማይ ዝናብ አትስጡት።

ከዚያ ፎቶውን መቶ በመቶ አጉሉትና ግንቡና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሂዱበት። ነጭ ጠርዝ ካለ ክላሪቲው ወይም ማስኩ ነው።

ስልክ ብቻ ያላችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ስልካችሁ ሳትነግሩት ኤችዲአር ሠርቷል። አይፎን ይሄን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ አሁን አብዛኞቹ ስልኮች አከታትለው ያነሷቸውን ብዙ ፎቶዎች ራሳቸው ያዋህዳሉ። እናንተ ደግሞ ስናፕሲድ በሚባለው አፕ ላይ የኤችዲአሩን ፊልተር ትደርቡበታላችሁ። የተጨመቀን እንደገና መጭመቅ ነው። ስልክ ላይ የኔ ምክር የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥላውን ትንሽ ዝቅ፣ ኮንትራስቱን ትንሽ ከፍ፣ በቃ።

ለላይትሩም መክፈል ከከበዳችሁ ዳርክቴብል የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፤ የራው ፎቶዎችን ያዋህዳል። ኢንፊውዝ የሚባልም አለ፣ እሱም ነፃ ነው። ኤክስፖዠር ፊውዥን በሚባለው ዘዴ ነው የሚሠራው፤ ከየፎቶው ጥሩ ጥሩውን መርጦ በቀጥታ ያቀላቅላል። እንደኔ እንደኔ ለጀማሪ ይሄኛው ይሻላል፤ ቢበላሽ እንኳ ብዙ አይጮህም።

ጨረስኩ ስትሉ ወዲያው አትለጥፉ። ላፕቶፑን ዝጉና ውጡ፤ ሻይ ጠጡ፣ ሰው አውሩ። ዓይን ስላይደሩን ተከትሎ ይለምዳል፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ ትንሽ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ አይታወቃችሁም። ስትመለሱ መካከለኛውን ያልተነካ ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጡና ያቺን ስልክ ላይ የጻፋችኋትን መስመር አንብቡ። የደመቀው አሁንም ደማቅ ነው? የጨለመው ጨለማ ነው?

የሚታተም ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀት ከስክሪን ያነሰ ብርሃን ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ ድሬ ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ ስክሪናችሁን እስከ ጫፍ አብርታችሁ ትሠራላችሁ፤ ፎቶ ቤት ስትወስዱት ጨልሞ ይወጣና አታሚውን ትጣሉታላችሁ። መጋረጃ ዝጉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ግማሽ አድርጉ፣ ለወረቀት ብላችሁ ሻዶውን ትንሽ ከፍ ያደረጋችሁበት ሌላ ቅጂ አስቀምጡ። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ በሩንና የኋላውን ጥግ የያዘ ትንሽ ቁራጭ አሳትሙና ደጅ ጥላ ውስጥ አውጥታችሁ እዩት።