በደም ዓይነት መብላት ያቀጥናል ወይ? የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

መልስ የምትሰጠው የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ጠያቂዎች በብሎክ ቁጥራቸው ተጠርተዋል።

ባለሙያዋ፦ አስቀድሜ ልናገር። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኩላሊታችሁን የታመማችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምግብ አትቀንሱ።

ብሎክ 7፦ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። ምን ልብላ?

ባለሙያዋ፦ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ለምግብ ምንም አይሠራም። የሚቀጥለውን አንብብ።

ብሎክ 31፦ ነገሩ ከየት መጣ? ለየደም ዓይነቱ የሚበላውን የሚነግረውን ዝርዝር ይዘው የቀነሱ ሰዎች አሉ እኮ።

ባለሙያዋ፦ ፒተር ዳዳሞ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መጽሐፍ ያስፋፋው ነው። ኦ ሥጋ ይብላ፣ ስንዴ ይተው፤ ኤ ሥጋ ትቶ አትክልትና ጥራጥሬ ይያዝ፤ ለቢ ወተት ይስማማዋል፣ ዶሮ ግን ይቅርበት፤ ኤቢ ከኤና ከቢ ያደባልቅ ይላል። መቀነሱን ይቀንሳሉ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩትና ሳምቡሳ የተወ ሰው ደሙ ምንም ይሁን ምን ይቀንሳል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 1,455 ሰዎችን አይተዋል። አመጋገባቸው ወደ ኤ ዝርዝር የቀረበ ሰዎች ክብደታቸውም ወገባቸውም ያነሰ ነበር፤ ይህ ግን ደማቸው ኤ በሆነውም ባልሆነውም ላይ ታይቷል። እንግዲህ ሥራውን የሠራው ምግቡ ነው።

ብሎክ 12፦ ለኦ ቡና ክልክል ነው መባሉስ?

ባለሙያዋ፦ ዝርዝሩ እንደዚያ ይላል። አትስሙት። ስኳሩን ቀንሱ።

ብሎክ 18፦ ምስርስ? ሌክቲን የሚባል ፕሮቲን ስላለው የኦን ደም ያረጋል ይባላል።

ባለሙያዋ፦ ሌክቲን በጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ በደንብ ሲፈላ ግን ይከሽፋል። ምስርና ሽሮ በእኛ ቤት ሳይበስል የሚበላ የለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቀይ ቦሎቄ ላይ ነው። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ይብሰል። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቆላ አገር በሚበቃው ደቂቃ አትለኩት፤ ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ አጥብቃችሁ አፍሉት፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ሳይፈላ ለብ ባለ ሙቀት ሲቆይ ነው ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣው፤ ያ ደግሞ የደም ዓይነት አይመርጥም።

ብሎክ 40፦ ቢ ነኝ፣ ምን ልብላ?

ባለሙያዋ፦ አሁን ምን ስል ቆየሁ?

ብሎክ 31፦ ታዲያ ኤ የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢጾም አበቃ ማለት ነው።

ብሎክ 9፦ በጾም የሚወፍር ስንት አለ! የጾም ወጥ እኮ ዘይት ላይ ነው የሚዋኘው። ቅቤ ይሻላል።

ብሎክ 31፦ ቅቤ ያወፍራል እንጂ!

ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም ተዉት። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ንጥር ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይልቅ መጠኑን እዩ። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት በዓይን ግምት ሲፈስ ምንም አይመስልም፤ ከ800 ካሎሪ በላይ ነው። አራት ሰው ቢበላው ለእያንዳንዱ 200፣ ያውም እንጀራው ሳይቆጠር። እንዲህ አድርጉ፦ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቁላሉ፤ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጉ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ከቸኮላችሁ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያኔ ነው እጅ ወደ ዘይቱ የሚሄደው። በርበሬውን ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምሩ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋም በኋላ ስለሚግል ድስቱን አንሱት፣ አለዚያ በርበሬው አርሮ ይመራል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ፣ ለአራት ሰው 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በማንኪያ ተለክቶ። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ።

ብሎክ 9፦ በ3 ማንኪያ ወጥ ይጣፍጣል?

ባለሙያዋ፦ ሽንኩርቱ ከበሰለ አዎ።

ብሎክ 22፦ በወር ስንት ኪሎ ልቀንስ?

ባለሙያዋ፦ 2 ኪሎ በቂ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳትበዪ ተመዘኚ።

ብሎክ 40፦ ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል?

ባለሙያዋ፦ አያቀልጥም።

ብሎክ 5፦ እናቴ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ኦ ናቸው። እራት ቢተዉ ምን ችግር አለው?

ባለሙያዋ፦ አለው! ለዚህ ነው መጀመሪያ የተናገርኩት። መድኃኒቱን ውጠው ምግብ ከዘለሉ ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ካየሽ፣ መዋጥ የሚችሉ ከሆነ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ የደም ስኳራቸውን ለክተሽ ካልተሻላቸው ድገሚ፣ ሲሻላቸው ምግብ ስጫቸው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም ሳትጨምሪ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሻቸው። መድኃኒቱ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ቢሻላቸውም በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። እራቱን ግን ይብሉ።